በቀይ ሳጥን የተከበበ ስም

ሌባው ቻርጀሩን ትቶት ሄዷል።

ኢንስፔክተር ልደት በላይ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው እሱን ነው። አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ የከሚሴ ከተማ ከጁምዓ ሶላት ተመልሳ ምሳዋን እየበላች ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት መምሪያ ቢሮ በር ላይ በመጋዝ የተቆረጠ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቦታ አለ፤ አጠገቡ ቻርጀሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ተጋድሟል።

በቢሮው የምትሠራው ነኢማ ሙህዲን ወንበር እያለ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ምን ጠፋ?» አለቻት ልደት።

«ላፕቶፕ። ፍላሽ። ሃርድ ዲስክ።» ቻርጀሩን አየች። «አራት ዓመት።»

ሳጅን ሙጂብ በትጋት «4ኛ፦ አራት ዓመት» ብሎ መዘገበ። ከዚያ ቀና ብሎ የአለቃውን ፊት አየና ሰረዘው።

አራት ዓመቱ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ነኢማ በጨፋ ሸለቆ ያሉ የመቶ አሥራ ሁለት ምንጮችና የከብት ውሃ መጠጫዎችን ስም፣ ከነታሪካቸው፣ ከአርባ አንድ ሽማግሌዎች አፍ ሰብስባለች። ጽሑፉ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የምንጩን ወይም የነገረውን ሽማግሌ ስም የተጫነ ሰው የሽማግሌውን ድምፅ ይሰማል። ድምፆቹ የነበሩት ላፕቶፑና ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ መጠባበቂያ መያዝ አለመሆኑን ነኢማ ዛሬ ተማረች።

«ማስረከቢያዬ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል» አለች። «ያለ ድምፁ አይቀበሉኝም። ጽሑፉንስ እንደገና እጽፈዋለሁ። ከአርባ አንዱ አሥራ አራቱ ሞተዋል እኮ! አያቴ አባ ጀይሉ አንዱ ነው። የሞተ ሰው እንደገና አይቀዳም።»

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«ልጄን አታስጨንቂብኝ፣ ልደት» አለ ከበሩ የመጣ ድምፅ።

ልደት ሳታስበው ቀጥ ብላ ቆመች። ሙሐመድዘይን ጀይሉ የመምሪያው ኃላፊ ናቸው፤ የነኢማ የእናቷ ወንድም፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት። ልደትን ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምረዋታል። ሰው ማዕረግ ቢጨምርም አስተማሪ ፊት መቆሙን አይረሳም።

«እኔ ማንንም አልከስም፣ አስተግፊሩላህ» አሉ ሙሐመድዘይን። «ብቻ ትናንት የኮፒ ቤቱ ልጅ፣ ወንዴ፣ ከሷ ጋር ሲጯጯህ መንገደኛ ሁሉ ሰምቷል። ደግሞ ቻርጀር የሚሸጥ ሰው ቻርጀር ምን ያደርግለታል?»

ነኢማ ቀና አለች። «አዎ። ጮኾብኛል» አለች።

* * *

የወንዴ ሱቅ ከባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ነው። ሰሌዳው ላይ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ቻርጀር፣ ማመልከቻ በአጥጋቢ ቋንቋ» ይላል።

«አርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?» አለችው ልደት ቅዳሜ ጠዋት።

«እዚሁ። ዘግቼ ተኝቼ።»

«ማን አየህ?»

«ኢንስፔክተር፣ ከሚሴ ውስጥ በጁምዓ ሰዓት ክርስቲያን ሱቅ ውስጥ ያለ መሆኑን የሚያይ ማነው? ፍየሎች ካልመሰከሩልኝ።»

«ሐሙስ ከነኢማ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ሳጥን» አለ ወንዴ።

«የምን ሳጥን?»

«ፒዲኤፏን ከፈትኩላት። ስክሪኑ ቀይ በቀይ! ሊንክ ያለበት ስም ሁሉ ዙሪያውን በቀይ መስመር ታስሯል። የቀበሌ ማህተም የዘነበበት ነው የሚመስል። ራሷም ያኔ ገና ማየቷ ነው። 'ማሽንህ አበላሸብኝ' አለች። 'የማሽኔን ስም አታጥፊ፣ ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሪው የራስሽ ሶፍትዌር ነው የሚያመጣው' አልኩ። ጮኸች፤ እኔም አፍ አለኝ፣ ጮህኩ። ፕሪንት አድርጌ ሳሳያት ተረጋጋች። ሦስት ኮፒ ጠርዤ ሰጠኋት።»

«ፋይሉስ?»

«አጠገቤ ቆማ አስጠፋችኝ። ሰው አታምንም።» ፈገግ አለ። «እኔን ማለቴ ነው።»

ሳጅን ሙጂብ መሳቢያውን ሲስበው አራት ቻርጀሮች ወጡ፤ ሁሉም ከነኢማ ላፕቶፕ ጋር የሚገጥሙ። የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በስልክ «በቃ፣ ተፈታ!» አሉ። የተፈታው ጉዳዩ ነው፤ ወንዴ ታሰረ።

በማግስቱ እናቱ ወይዘሮ ወለተገብርኤል ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያው በር ላይ ቆሙ።

«ልደትዬ፣ ልጄ ሌባ ነው?»

«ገና ነው እማማ።»

«ገና ማለት ምንድነው? ገና አልሰረቀም ማለት ነው?»

ልደት ምሳ ዕቃውን ተቀበለቻቸው። የባሰው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ነኢማ መጥታ በወንዴ ላይ ቃሏን ሰጥታ ፈረመች። በር ላይ ከወይዘሮ ወለተገብርኤል ጋር ተላለፉ። ሃያ ዓመት የአንድ ግቢ ጎረቤቶች ናቸው። አልተሳሳሙም።

* * *

ሰኞ ልደት ሙሐመድዘይን ቢሮ ሄደች። ከወንበራቸው ጀርባ አንድ ሰርኩላር ተለጥፏል፦ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሁለተኛ ዲግሪ ያላቀረበ ኃላፊ ቦታውን ይለቃል።

«አየሽው?» ብለው ሳቁ። «ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ ወረቀት አምጣ አሉኝ። እኛም በስተርጅና በርቀት እንማራለን እንግዲህ። ወንበር ድሮ በአጥንት ነበር፣ ቀጥሎ በስብሰባ ሆነ፣ አሁን በጥራዝ።»

«ለመዝገብ ያህል ነው መምህር። አርብ የት ነበሩ?»

«ጁምዓ። መጀመሪያው ረድፍ። ጠይቂ።»

ጠየቀች። ሦስት ሰዎች «መጀመሪያው ረድፍ፣ እንደ ሁልጊዜው» አሉ። ምን ለብሰው ነበር ስትል ሦስቱም «ነጭ፣ እንደ ሁልጊዜው» አሉ።

«የነኢማን ጽሑፍ አይተውታል?»

«ሐሙስ ማታ ጠርዛ የሰጠችኝን አነበብኩ። በወረቀት ነው የማነበው፤ የሷ ኮምፒዩተር ላይ ምን እንዳለ ዓይኔም አያውቅ። ለመዝገብሽ ከጠቀመ ውሰጂው።» ጥራዙን ሰጧት። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ፊደል፣ ንጹሕ ሥራ። «ለልጅቷ ግን ነግሬያታለሁ። 'አብሽሪ፣ ሌላ ርዕስ ጀምሪ፣ እኔ አለሁልሽ' አልኳት። ሐሙስ ቤቴ ዱዓ አዘጋጅቻለሁ። አንቺም ትመጫለሽ።»

ስትወጣ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ላፕቶፕ አየች፤ መምሪያው ለሁሉም ካደለው ዓይነት፣ የነኢማ መንታ። ላፕቶፖቹ የመጡ ቀን ኃላፊው ራሳቸው ፈርመው ሲያከፋፍሏቸው የሚያሳይ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ። ልደት ይህን ሁሉ አየችና ምንም አላሰበችም። አስተማሪዋ ናቸው።

ግቢው በር ላይ የጥበቃው ሠራተኛ ኢብሬ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«አርብ በሩን ለቀህ አልሄድክም?»

«ወላሂ—» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። «አልሄድኩም።»

መሐላ የጀመረ ሰው ሲያቆመው ልደት ልብ አለች። ቢሆንም ለደመወዙ የሚፈራ ዘበኛ ሁሉ ሌባ አይሆንም ብላ አለፈችው።

* * *

በዚያ አገር ዱዓ ሲጠራ የአላህና የማርያም ጎረቤት አይለይም፤ የቻለ ሁሉ ይመጣል። የጠፋ ነገር ዱዓ ላይ ደግሞ የደበቀው ሰው «አሚን» ማለት አይችልም ይባላል፤ ምላሱ ይያዛል። የፖሊስ ጣቢያው በጀት ሲያልቅ ልደት ይህ ዘዴ መመሪያ ውስጥ እንዲገባ ልታቀርብ ታስባለች።

ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ የሙሐመድዘይን ሳሎን ሞላ። ምንጣፉ ላይ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ጫቱ በየፊቱ ነው። ልደት «ኮቱ፣ ነይ ወደ ላይ» ተብላ በክብር ስጋጃ የለበሰ ትልቅ የእንጨት ሣንዱቅ ላይ ተቀመጠች። ነኢማ ግድግዳ ተደግፋለች፤ እናቷ ዘይቱና እጇን ይዛለች።

ሙሐመድዘይን መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ያረቢ፣ የልጄን ላብ መልስላት!»

«አሚን!»

«የታሰረው ወንድማችን ንጹሕ ከሆነ አስፈታው፤ ካልሆነም ልብ ስጠው!»

«አሚን!»

ድምፃቸው ተሰበረ። «ወገኖቼ፣ ይህች ልጅ የሠራችውን ነገር አታውቁትም። ዘጠነኛው ገጽ ላይ የአባቴ ስም አለ። ጀይሉ። ዙሪያውን በቀይ ሳጥን ተከቦ። በዓይኔ አየሁት። አባቴን በፍሬም አድርጋ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው መሰለኝ። ያረቢ፣ ያንን ፍሬም መልስልን!»

«አሚን! አሚን!»

ሴቶቹ አለቀሱ። ሳጅን ሙጂብ ዓይኑን አበሰ። ልደትም «አሜን» አለች። ከሁሉም የጮኸው የሙሐመድዘይን አሚን ነው፤ ምላሳቸው አልተያዘም።

* * *

ያንን ፍሬም ልታየው የፈለገችው ስለጠረጠረች አይደለም። ልቧ ተነክቶ ነው።

አርብ ጠዋት መዝገብ ውስጥ ያለውን ጥራዝ አወጣችና ዘጠነኛውን ገጽ ገለጠች። «ጀይሉ» የሚለው ስም በሦስተኛው መስመር ላይ አለ። ዙሪያው ባዶ ነው። ስምንተኛ። አሥረኛ። ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው። ቀይም፣ ግራጫም፣ ምንም ሳጥን የለም።

ጥራዙን ይዛ ወደ እስረኞች ማረፊያ ክፍል ወረደች።

«ወንዴ፣ ሳጥኖቹ የታሉ?»

ወንዴ በስድስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በወረቀት አይወጡም እኮ! ስክሪን ላይ ብቻ ነው የሚታዩ። ሊንክ እዚህ አለ ለማለት ነው፤ ማተሚያው ይዘላቸዋል። ነኢማ የተረጋጋችው ለምን ይመስልሻል? አንድ ገጽ አትሜ 'በይ ፈልጊ' ስላት የለም!»

«ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰውስ?»

«ሳጥን የሚባል ነገር መኖሩን በምን ያውቃል? ያወቅነው ሁለት ነን፣ እሷና እኔ።» ሳቁ ቆመ። «ከዛ ወዲህ ላፕቶፑን የከፈተ ካለ ደግሞ ሦስት።»

ልደት ጥራዙን ዘጋችው። ሰባተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት ቆማ የቦርከና ወንዝ ከየት እንደሚነሳ ስትጠየቅ የተሰማት ዓይነት ብርድ ተሰማት።

* * *

ኢብሬን ያናገረው ሳጅን ሙጂብ ነው፤ ዱላውን አስቀምጦ፣ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ።

«አከም ጅርታ፣ ኢብሬ?»

«ነጋ፣ ደህና።»

«አርብ ሄደሃል። ጁምዓ መስገድ ወንጀል አይደለም። ኤኙቱ ሲ ኤርጌ? የላከህ ማነው?»

ኢብሬ መሬቱን አየ። «ኦቦ ሙሐመድዘይን። 'ሂድ፣ ቀድመህ ቦታ ያዝ፤ በሩን አላህ ይጠብቀዋል' አሉኝ። ለሰው ብትናገር ሥራህን ለቀህ የሄድክ ትሆናለህ አሉኝ።»

«እሳቸውስ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነበሩ?»

«መጀመሪያው ረድፍ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። በሳቸው ቦታ።»

ሦስቱ ምስክሮች አልዋሹም። ሁልጊዜ የሚገኝ ሰው የቀረ ቀን አይታወቅም፤ ሰው የሚያየው የለመደውን ነው። ልደት ራሷም ስታየው የሰነበተችው የሰባተኛ ክፍል አስተማሪዋን ነበር።

ግን ሙሐመድዘይን አንድ መውጫ ነበራቸው፦ ስለ ሳጥኑ ነኢማ ነግራኝ ነው ሊሉ ይችላሉ። ልደት የነኢማን ቤት አንኳኳች።

«ስለ ቀዩ ሳጥን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አፍሬ! ኮፒ ቤት ውስጥ እንደ እብድ ጮኼ በኋላ በወረቀት የማይወጣ ነገር ሆኖ አረፈው። ለማን አወራለሁ?»

«ለአጎትሽስ?»

«ለሳቸው ጭራሽ። እሳቸው እንኳ ስለራሳቸው ሪፖርት ጠየቁኝ እንጂ—» ቆመች።

«ምን ጠየቁሽ?»

ነኢማ ስልኳን አንስታ ቴሌግራሙን ከፈተች። እሑድ፤ ላፕቶፑ በተሰረቀ በሦስተኛው ቀን። የአጎቷ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ስሠራ ሊንኮቹ ዙሪያ ቀይ መስመር መጣብኝ። እንዴት ነው የሚጠፋው?»

ከሥሩ የሷ መልስ ነው። «አብሽሩ አጎቴ፣ ቀላል ነው። የፋይሉ አናት ላይ ይቺን አንድ የኮድ መስመር ጨምሩና እንደገና ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። እኔ ከዘገየሁ በኋላ ነው ያገኘኋት።» መስመሩን አያይዛለች። አበባም አስከትላለች።

«ያን ቀን እያለቀስኩ ነበር» አለች ነኢማ በዝግታ። «እያለቀስኩ መስመሯን ፈልጌ ላክሁላቸው።»

ስልኩን ለልደት አቀበለቻት። ልደት መልእክቱን ለመዝገቡ ገለበጠችው።

* * *

የብርበራ ትእዛዙ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ሙሐመድዘይን በራቸውን ራሳቸው ከፈቱ፤ አልጋው ታየ፣ ቁምሳጥኑ ታየ፣ ኮርኒሱ ታየ። ልደት ሳሎኑ መሐል ቆመች። ከዚያ ስጋጃውን ገፈፈችና ትናንት በክብር የተቀመጠችበትን ሣንዱቅ ከፈተች።

ላፕቶፑ በነጭ ጀለቢያ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሃርድ ዲስኩና ፍላሹም አብረውት። ቻርጀሯ ለሙሐመድዘይን አላስፈለጋቸውም፤ የራሳቸው ይገጥማል። አርባ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ይመለስ ሲል፣ መርማሪዋ ላዩ ላይ ተቀምጣ አሜን ብላለች።

ነኢማ ከእናቷ ጋር በር ላይ ነበረች። ላፕቶፑን እንድትለይ ተጠየቀች፤ ከፈተችው። ዴስክቶፑ ላይ አንድ አዲስ ፒዲኤፍ አለ። የመጀመሪያው ገጽ የሌላ ከተማ የርቀት ኮሌጅ ስም ይዟል፤ ርዕሱ የሷ ነው፤ ከሥሩ «አቅራቢ፦ ሙሐመድዘይን ጀይሉ» ይላል። ወደ ውስጥ ወረደች። ገጾቹ ያምራሉ፤ አንድም ቀይ መስመር የለም። የላከችላቸው የኮድ መስመር ሠርታለች።

«የመመረቂያ ጽሑፍ ማን ያነባል፣ ልደት?» አሉ ሙሐመድዘይን ለኢንስፔክተሯ፤ ወደ ነኢማ አልዞሩም። «ሦስት ሰው ነው የሚያየው፤ ሦስተኛው ጠራዡ ነው። እሷ ልጅ ናት፤ ሌላ ትሠራለች። እኔ ግን ሰኔ ላይ ጎዳና ልወጣ ነው። ደግሞ የሷ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? አባቴ የኔ አባት ነው። እኔም ስሙን ልጽፍ እችላለሁ።»

ነኢማ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆመች። ጠቋሚውን ባዶው ስም ላይ አሳረፈችው። ቀስቷ ወደ እጅ ተለወጠች። ተጫነችው።

የሷ ድምፅ ወጣ። «እኔ ነኢማ ሙህዲን ነኝ። ዛሬ ከአያቴ ከአባ ጀይሉ ጋር ነኝ። አባ፣ የዚህ ውሃ ስሙ ማነው?»

ሳል። ከዚያ ሽማግሌ ሲስቅ ተሰማ።

«ሱብሃነላህ። ስሙን የጠየቀኝ የለም እኮ። ስንት ዓመት! ሙሐመድዘይን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅ። እሱ የወንበር ሰው ነው፣ ውሃ ምን ያደርግለታል? አንቺ ጻፊው ልጄ። አንቺ ጻፊው።»

ዘይቱና የሞተ አባቷን ድምፅ ሰምታ ሻሽዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሙሐመድዘይን ስክሪኑን እንጂ ሰው አላዩም።

«መስመሩ ሲጠፋ» አሉ፣ «ድምፁም አብሮ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

«አንዴ እንኳ ተጭነህ አልሰማኸውም» አለች ነኢማ። «የላክሁልህ መስመሩን ማጥፊያ ነው። የጠፋውም እሱ ብቻ ነው።»

ከተወለደች ጀምሮ አንቱ ያለችውን ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ያረማት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሳጅን ሙጂብ እጁን ያዘው። ሙሐመድዘይን ወጣ።

* * *

ላፕቶፑ ኤግዚቢት ሆኖ ቀረ፤ ፋይሉና ድምፆቹ ተገልብጠው ለነኢማ ተሰጧት። ማስረከቢያዋ ሁለት ቀን ሲቀረው ባጃጅ ተራው ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ገባች። ወንዴ ከተፈታ ገና ሳምንቱ አልሞላም። ቀና ብሎ አያትና ፍላሹን ተቀበላት። አልቀለደም።

«ወንዴ፣ ይቅር—»

«ስንት ኮፒ?»

«ሦስት።»

ከፈተው። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ፤ መቶ አሥራ ሁለቱም ስሞች ዙሪያቸውን ታጥረዋል። ወንዴ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ማጥፊያውን ታውቂዋለሽ አሉ።»

«አውቀዋለሁ። እሱ የጨመረውን አውጥቼ ነው።»

«በወረቀት አይወጣም።»

«አውቃለሁ።»

ወንዴ ማተሚያውን አስነሳ። ንጹሕ ገጾች አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር፤ እሱ ይጠርዛል፣ እሷ ትጠብቃለች። ጨርሶ ፍላሹን ነቅሎ ሊሰጣት እጁን ዘረጋ።

«ፋይሉን ከማሽኔ ላጥፋው?» አለ። «እንደ ባለፈው አጠገቤ ቁሚና እይ።»

ነኢማ ጥራዞቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«ተወው» አለች። «አንተ ጋ ይቀመጥ።»

ወንዴ ፋይሉን ሳያጠፋ ዘጋው። ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ።